የሆሴዕ ያልወጣ ሸክላ

የሙዚቃ ቤቱ ስም ፋኖስ ነበር። ከፋኖስ በፊት ግን ያ ቤት የአስከሬን ማሰናጃ እንደነበረ በቺካጎ ደቡብ ክፍል የማያውቅ አልነበረም። ባለቤቱ ሚስተር ያርብሮ በወጣትነቱ የዚያው ቤት የሬሳ መኪና ሾፌር ነበር፤ አሠሪው ሲሞት ቤቱን ገዛው። ሬሳ የሚታጠብበት ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ ነጭ ሴራሚክ የለበሰ ስለሆነ፣ ሰው እዚያ ቆሞ ቢያንጎራጉር ድምፁ ተመልሶ ደረቱ ላይ ያርፋል። ያርብሮ ይህን ያወቀው ከሐዘንተኞች ነው። ቤቱ በእጁ ሲገባ ማይክሮፎን አስገባና ከሚሲሲፒ የመጡትን ሰዎች ከነጊታራቸው እየጠራ እዚያ ያዘፍናቸው ጀመር።

ዘፋኞቹ በክፍሉ ይቀልዱ ነበር። «እዚህ በእግሩ የገባ እኛ የመጀመሪያዎቹ ነን» ይላል አንዱ፤ ሌላው «በእግራችን መውጣታችንን እንጃ» ብሎ ይቀበለዋል። ከሳቁ በኋላ ግን ሁሉም በሩ ክፍት እንዲሆንላቸው ይጠይቃሉ። ድምፅ ቀራጩ ጎርስኪ ሰምቶ እንዳልሰማ በሩን ይዘጋዋል።

አርዜላ ክሬንሾ በዚያ ቤት ጓሮ፣ ድሮ የሬሳ መኪና ይቆምበት በነበረው ጋራዥ ውስጥ ሸክላ ታትም ነበር። በእንፋሎት የጋለውን ጥቁር ሊጥ በሁለት የብረት ሰሌዳዎች መካከል ታስቀምጣለች፤ መጭመቂያውን ትጎትታለች፤ ትንፋሹ ፊቷን ይገርፋታል፤ ሲከፈት ሊጡ ዘፈን ሆኖ ይወጣል። ክንዷ ከክርኗ በታች በጥቃቅን ቃጠሎ ተዥጎርጉሯል። እሁድ እሁድ እጇን በነጭ ጓንት፣ ክንዷን በረጅም እጅጌ ሸፍና በኤሊም ጸሎት ቤት በር ላይ ትቆምና ምእመናንን እየተቀበለች ታስቀምጣለች። የጸሎት ቤቱ ሴቶች ይተርቧት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የሰይጣንን ዘፈን ስታትሚ ውለሽ እሁድ ለጌታ ትቆሚያለሽ ሲሏት፣ «ምን ላድርግ፣ ጌታ መጭመቂያ የለው» ብላ ታስቃቸዋለች።

የፋኖስ ስም ቶሎ ናኘ። የባቡር አሳላፊዎች ሸክላውን በሻንጣቸው ይዘው ወደ ደቡብ ያወርዱታል። ጸጉር ቤቶች በራቸው ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅለው ብሉዝ የሚባለውን እንጉርጉሮ ለመንገደኛው ሁሉ ያስጮኹታል። ጥጥ ማሳ ዳር በቆመች የሳንቃ ጎጆ ውስጥ አንዲት ሴት ቺካጎ ገብቶ የጠፋባትን ባሏን ድምፅ ሰምታ ሥራዋን ትፈታለች። ኋላ ኋላ ባሕር ማዶ ያሉ ልጆች ሳይቀሩ ከፋኖስ ሸክላ ጊታር እንደተማሩ ተወራ። አርዜላ ከዚህ ሁሉ ዝና የምታውቀው ሙቀቱን ነው። ከሺህ ሸክላ መሀል ሌት ተቀን ከሐሳቧ የማይወጣው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ያልወጣው።

ወንድሟ ሆሴዕ በአምስት ዓመት ይበልጣታል። ቀን ቀን ቄራ ይሠራል። ከልጅነቱ ጀምሮ የኤሊም ዘማሪ ነበር፤ ኋላ ጊታር አንስቶ ብሉዝ መዝፈን ሲጀምር ፓስተር ብሮድናክስ ጠርተው፣ ዘፈንና መዝሙር ከአንድ ጉሮሮ አይወጣምና ምረጥ አሉት። ሆሴዕ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። እናቱ እማማ ቴኒ በዚያ ሳምንት እህል በአፋቸው አልዞረም። በልጃቸው ላይ በራቸውን ግን አልዘጉም። እሁድ ከጸሎት በኋላ ከተፍ ይላል፤ ጎመንና የበቆሎ ዳቦ ያቀርቡለታል፤ እናትና ልጅ ስለ ጊታሩ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ በልተው ይለያያሉ።

እ.ኤ.አ. በ1949፣ በጥር ወር፣ ሐሙስ ቀን ሆሴዕ በነጩ ክፍል ውስጥ አንድ ዘፈን ዘፈነ። ጎርስኪ በማግስቱ ዘፈኑን ወደ ብረት ሰሌዳ ገለበጠው። እሁድ ማለዳ በሐይቁ ዳር ካሉት ትላልቅ ድንጋዮች በአንዱ ላይ የተደፋ ባልዲ ተገኘ፤ ከድንጋዩ ሥር፣ በበረዶው ስንጥቅ ውስጥ ደግሞ ሆሴዕ። ፖሊስ መጥቶ አየና ሄደ። ወድቆ ይሁን ራሱን ጥሎ፣ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም።

ሰው ያጣውን መልስ ሸክላው የሰጠ መሰለ። ሰኞ ዕለት ጎርስኪ የሙከራውን ሸክላ ለያርብሮ አጫወተለት። በፋኖስ ቤት እንደተለመደው መርፌውን ከጫፉ ሳይሆን ገባ አድርጎ ነው ያስቀመጠው፤ ዘፋኝ ከመጀመሩ በፊት የሚያወራው፣ የሚያስለው፣ ወንበር የሚጎትተው ሁሉ እንደ ገለባ ነው፣ ማንም አይሰማውም። አርዜላ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የወንድሟ ድምፅ እንዲህ እያለ መጣ፦

ውሃው በስሜ ጠራኝ፣ አቤት አልኩት ደርሼ፤
ውሃው በስሜ ጠራኝ፣ አቤት አልኩት ደርሼ፤
እራቴን አታቆዪ፣ አልመጣም ተመልሼ።

ያርብሮ ሸክላውን ከማጫወቻው ላይ አንስቶ በጉልበቱ ሰበረው። ለጎርስኪም፣ ሰሌዳው ላይ የውድቅ መስቀል ጭረህ ከዓይኔ አርቀው አለው። አርዜላ ቁርጥራጩን ልትለቅም ስታጎነብስ ጎርስኪ ክንዷን ያዛት። «ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሽም» አላት፤ «አትስሚውም። እየባሰ ነው የሚሄደው።»

ያርብሮ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደንግጦ ነው። ድንጋጤውን ለፓስተር ብሮድናክስ አካፈላቸው። ፓስተሩም ዘፈኑንና ባልዲውን አንድ ላይ አድርገው ፈረዱ። ባልዲው ላይ ቆሞ ነው የዘለለው፤ ነፍሱን በገዛ እጁ ያጠፋ ሰው በኤሊም መድረክ ፊት አይተኛም አሉ። ሆሴዕ ያለ ጸሎት፣ ያለ መዝሙር ከቀባሪው ቤት በቀጥታ ወደ መቃብር ሄደ። አፈሩ በረዶ ሆኖ ነበርና በዶማ እየተፈነቀለ ነው የተመለሰበት።

ለእማማ ቴኒ ዘፈኑ ምን እንደሚል የነገራቸው አልነበረም። እናት ናቸው፣ ይህንንም ጨምረን አንግደላቸው ተባለ። እሳቸውም ልጃቸው የተከለከለው ዘፋኝ ስለሆነ መስሏቸው ዝም አሉ። ኤሊም መሄዳቸውን አልተዉም፤ የኋላው አግዳሚ ላይ መቀመጥ ግን ጀመሩ። አንድ ጊዜ ስለ ሐሙሱ ሸክላ ሲጠይቁ አርዜላ ተሰብሯል ብላ መለሰች። ውሸት አልነበረም። ነገሩ በዚያው ተቀበረ፤ ቢያንስ አርዜላ ተቀበረ ብላ ነበር።

አሥራ አምስት ዓመት አለፈ። ያርብሮ ሞተ፤ ሚስቱ ፋኖስን በምሥራቅ አሜሪካ ላለ ድርጅት ሸጠችው። ገዢዎቹ የታወቁትን ጥቂት ድምፆች መርጠው ወሰዱና የቀረው ሰሌዳ ሁሉ በኪሎ ተመዝኖ ለብረት አቅላጭ እንዲሰጥ አዘዙ። በዚያው ሰሞን፣ ጥር ላይ፣ የእማማ ቴኒ ሳንባ ውሃ ቋጠረ። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ አርዜላን ነጥሎ፣ የሚወዱትን ነገር ሁሉ ስጧቸው አላት። ይህ አባባል ምን ማለት እንደሆነ ያልገባት እንዳይመስላችሁ።

እማማ ቴኒ የጠየቁት ግን ምግብ አልነበረም።

«የሆሴዕን የመጨረሻ ድምፅ አምጪልኝ» አሉ።

«እማዬ፣ ተሰብሯል ብዬሽ አልነበር?»

«ሸክላው ተሰበረ። ብረቱስ? አሥራ ስምንት ዓመት ብረት ለብረት ስትውይ እኔ ጆሮ የሌለኝ መሰለሽ?» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ምንም ይበል። የልጄ ድምፅ ነው፣ ልስማውና ልሂድ።»

አርዜላ በማግስቱ ማለዳ ወደ ሥራዋ ስትሄድ ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ ፊቷን ይልጠው ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እያለች ትራመዳለች። ሰሌዳውን ብታጣ እናቷ የመጨረሻ ልመናቸውን ተነፍገው ይሞታሉ። ብታገኘው ደግሞ፣ ልጃቸው ከሞት ጋር ቀጠሮ ሲይዝ በገዛ ጆሯቸው ሰምተው ይሞታሉ። እግዚአብሔርን ምን ብላ እንደምትለምነው አላወቀችም። ስለዚህ ስሙን ብቻ እየጠራች ሄደች።

ጓሮው ውስጥ የአቅላጩ መኪና ቆሟል። ሁለት ሰዎች ሰሌዳዎቹን ከመጋዘን እያወጡ ይወረውራሉ፤ ብረት በብረት ላይ ሲያርፍ ይጮኻል፤ ጩኸቱ ያንን ነጭ ክፍል ደርሶ ይመለሳል። እያንዳንዱ የአንድ ሰው ድምፅ ነው። አርዜላ መጋዘን ገብታ መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር በጣቷ አሰሰች። የሆሴዕ የቀደሙት ሁለት ዘፈኖች ሰሌዳዎች ወደ መኪናው ወጥተዋል፤ የሐሙሱም የለም። መኪናው ላይ ወጥታ ከተከመረው መሀል መገልበጥ ስትጀምር አንደኛው ጫኝ እመቤቴ፣ ምሳ ነው እንዴ የምትፈልጊው ብሎ ሳቀባት። ዓይኗን ሲያይ ሳቁን ዋጠና እጇን ይዞ አወረዳት።

ጎርስኪ ነጩ ክፍል ውስጥ ባዶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። አርጅቷል፤ ሰሌዳዎቹን የሚነክርበት አሲድ እንፋሎት ደረቱን በልቶታል።

«የወንድሜን ሰሌዳ» አለችው። «መስቀል የጫርክበትን።»

«ለምን?»

«እናቴ ጠየቀች።»

«አርዜላ፣ ተዪው።»

«እኔም ብተወው ደስ ባለኝ። ጠየቀች እኮ ነው የምልህ።»

ጎርስኪ ሰሌዳውን አልጣለውም ነበር። ሰው የሞተበት ነገር ለመጣል እጄ አልታዘዝ አለኝ አላት፤ ውድቅ ከሆኑት ጋር አስቀመጥኩት። በዚያው ዓመት ጸደይ ፓስተር ብሮድናክስ ጋሪ እየገፉ መጡ። የኤሊም ምድጃ ከጀርባው ያለውን የሳንቃ ግድግዳ ሊያቃጥልባቸው ነበርና መከለያ የሚሆን ውድቅ ብረት ለመኑ። ያርብሮ ክምሩን እንዳለ ሰጣቸው። የሆሴዕም በመካከሉ ነበረ።

አርዜላ ግድግዳውን ተደገፈች። ከምድጃው ጀርባ ያለው በጥላሸት የጠቆረው ብረት ታያት። እሁድ በመጣ ቁጥር ነጭ ጓንቷን የምታሞቀው እዚያ ነው።

«በመርፌ ይሰማል?» አለች።

«ይሰማል። ያቺ እኛ እናት የምንላት ሰሌዳ ናት፣ ጽሑፉ ወደ ውስጥ የገባ። ብረት በብረት ግን እንዳታስኬጂበት፣ ይፍቀዋል።» ከኪሱ ከቁልቋል እሾህ የተሠራ መርፌ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። ከዚያ በሩን ሊከፍትላት ተነሣ። አርዜላ ጎርስኪ ያንን በር ለሰው ሲከፍት ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

ኤሊም ጸሎት ቤት ቀድሞ የልብስ ማጠቢያ ነበረች፤ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ መስኮቷ አንድ። ፓስተር ብሮድናክስ ለምሽቱ ጸሎት ከሰል ሲጨምሩ ነበር።

«እህት አርዜላ፣ በዚህ ብርድ? ነይ ሙቂ።»

«ፓስተር፣ እሳቱን ላጠፋው ነው የመጣሁት።»

ሳቁ። አልሳቀችም። ቆማ ነገረቻቸው፤ የእናቷን ልመና፣ የጎርስኪን ቃል፣ የጋሪውን ነገር። እሷ ስትናገር እሳቸው በአካፋው ላይ እየተደገፉ፣ እየተደገፉ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሰሌዳዎቹን በእጃቸው እንደቸነከሩ ያስታውሳሉ። የሰይጣን ጽሑፍ ምእመናንን እንዳያይ ብለውም ፊቱን ወደ ግድግዳ ነበር ያዞሩት።

«እንግዲህ» አለች አርዜላ፣ «ያኔ ለአንድ ሰዓት የከለከሉትን ሰው አሥራ አምስት ዓመት እዚህ አስቀምጠውታል።»

ፓስተሩ እሳቱን ተመለከቱ። «ልጄ፣ ከእሳት ጀርባ ያለ ነገር አይነካም። ያ ዘፈን ምን እንደሚል አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። እናትሽን በሰላም እንሸኛት።»

«እናውቃለን። የወለደችው ግን እሷ ናት።»

ሽማግሌው ተነሡ። አንዲት ቃል ሳይጨምሩ ፍሙን በአካፋ እየዛቁ ወደ ውጭ አወጡት፤ በረዶው ላይ ሲደፉት ጭስና ፉጨት ሆነ። ቤቱ ወዲያው ቀዘቀዘ። ብረቱ እስኪበርድ ሁለቱም ከነካፖርታቸው ተቀመጡ። ከዚያ ፓስተሩ በጥፍር መዶሻ ምስማሩን ይነቅላሉ፣ አርዜላ የሰሌዳውን ጀርባ በቢላዋ ትፍቃለች። ጥላሸቱ እንደ ቅርፊት ይነሣል። አንዱ ገና ሳይቀረጽበት የተበላሸ ባዶ ብረት ነው፤ ሌላውም። በመጨረሻ ከአንዲት ሰሌዳ ጥላሸት ሥር መስቀል ብቅ አለ። ፓስተሩ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ወዲያው የውድቅ ምልክት መሆኑ ትዝ ሲላቸው አፈሩና መልሰው አደረጉት። አርዜላ ገለበጠችው። ወደ ግድግዳ የዞረው ፊት፣ ከዳሩ ከሁለቱ የምስማር ቀዳዳዎች በቀር፣ ትናንት የተሠራ ይመስል ነበር። የሰይጣን ጽሑፍ ብለው ባያዞሩት ኖሮ እሳቱ በልቶት ነበር። እግዚአብሔር በሰው ስሕተት እንኳ ዕቃ ያስቀምጣል።

ፓስተሩ አብሬሽ እሄዳለሁ አሉ። ሊያስቀሩት ያልቻሉትን ነገር ቢያንስ በጸሎት ሊከቡት ነው። ሰሌዳውን በፎጣ ጠቅልላ በብብቷ ያዘች፤ መንገዱን ሁሉ ብርዱ በካፖርቷ አልፎ ጎኗን ይጠዘጥዛት ነበር። ከአናታቸው በላይ በብረት ድልድይ የሚያልፈው ባቡር ምድሩን ሲያንቀጠቅጠው ፓስተሩ ቆሙ።

የእማማ ቴኒ ክፍል ከአልጋው፣ ከምድጃዋና በእጅ ከሚጠመዘዘው አሮጌ ሸክላ ማጫወቻ በቀር ምንም አልያዘም። አርዜላ ትራስ ደራርባ አቀናቻቸው። ፓስተሩን ሲያዩ ገና ሳልሞት መጡ እንዴ አሉ። ፓስተሩ ለመሳቅ ሞከሩ።

አርዜላ ማጫወቻውን ጠመዘዘች። በፋኖስ እንደለመደችው መርፌውን ገባ አድርጋ ዘፈኑ ላይ ልታሳርፈው ስትል እናቷ ተቆጡ።

«ምን ልታሳልፊብኝ ነው? ከጫፉ አስነሺው።»

«እማዬ፣ መጀመሪያው ወሬ ነው፣ ሳል ነው።»

«ልጄ ካሳለ ሳሉን ልስማው።»

ከጫፉ አስነሣችው። መርፌው የመጀመሪያውን የምስማር ቀዳዳ ሲያገኝ ደፍ አለ፤ ሁለተኛውን ሲያገኝ ደግሞ ደፍ። ሰሌዳው በዞረ ቁጥር ሁለት ጊዜ፣ ሰው በር እንደሚያንኳኳ። ከዚያ ሳል መጣ። ወንበር ተጎተተ። ቀጥሎ ሆሴዕ፣ ሃያ ሰባት ዓመቱ ላይ የቆመው ሆሴዕ፣ ክፍሉ ውስጥ ተናገረ።

«ጎርስኪ፣ በሩን ክፈተው እንጂ፣ ሬሳ አደረግኸኝ እኮ።» ደፍ፣ ደፍ። «ቶሎ እንጨርስ። ቅዳሜ ሐይቅ ወርጄ ለእናቴ ዓሣ ላጠምድላት ነው፤ የምቀመጥበት ባልዲ ሁሉ ተውሻለሁ። አልነገርኳትም። እሁድ ጎመኗን ስታወጣ ዓሣዬን ይዤ ከተፍ ስል ፊቷን ማየት ነው።» ሳቀ። «ይቺኛዋ ደግሞ የሷው ናት። ስሟን እንዳትጽፍባት ታዲያ፣ ትገድለኛለች።»

ከሩቅ የጎርስኪ ድምፅ ዝም በል፣ መርፌው ወርዷል አለው። መርፌው ቀዳዳዎቹን አልፎ ወደ ውስጥ ገባ፤ ማንኳኳቱ ቆመ። ጊታሩ ጀመረ።

ውሃው በስሜ ጠራኝ፣ አቤት አልኩት ደርሼ።

አርዜላ ዓይኗን ጨፈነች። ፓስተሩ የአልጋውን ጫፍ ጨብጠው ከንፈራቸው ለጸሎት ይንቀሳቀስ ነበር። መስመሩ ሲደገም ከሸክላው ሌላ ሁለተኛ ድምፅ፣ የደረቀ፣ ውሃ የቋጠረ ድምፅ አብሮ ተሰማ።

እራቴን አታቆዪ፣ አልመጣም ተመልሼ።

እማማ ቴኒ እየዘፈኑ ነበር። ቀጣዩን ስንኝ ሆሴዕ ከመድረሱ በፊት እሳቸው ደረሱበት፤ ያንን ጎርስኪ እየባሰ ነው የሚሄደው ያለውን፣ ጭቃው አፌን ሞላው የሚለውን። አንዲት ቃል ሳይስቱ እስከ መጨረሻው ዘለቁ። መርፌው ባዶውን ሲሽከረከር አርዜላ ማንሣቱን ረሳችው።

«የኔ ነው» አሉ እማማ ቴኒ።

ወንዙ የሞላ ዓመት ነው አሉ። ጠመንጃ የያዙ ነጮች መጥተው አባታችሁን ከማዕድ ላይ አንሥተው የወንዙን ግድብ አፈር ካብ ብለው ነዱት። ግድቡ ሲሄድ እሱም አብሮ ሄደ። እራቱን ከድኜለት ሦስት ቀን ጠበቅሁ። ሆሴዕን በጀርባዬ፣ አርዜላን በሆዴ ይዤ ልብስ ሳጥብ ይህን ዘፈን በሱ አንደበት አወጣሁት፤ እሱ ለኔ የሚለውን። ጌታን ስቀበል ዘፈን ነው ብዬ ተውኩት፤ ከዚያ ወዲህ ከአፌ አልወጣም።

«ወንዝ የጣልኩት መስሎኝ ነበር» አሉ። «እሱ ለካ ለቅሞ ይዞታል።»

ፓስተር ብሮድናክስ «ባልዲው» አሉና መጨረስ አቃታቸው።

«ባልዲው ምን?»

ያኔ አርዜላ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ያርብሮ የሰበረውን፣ ፓስተሩ የፈረዱትን፣ ሁሉም ለእሳቸው አዝነው የደበቁትን። እማማ ቴኒ እስከ መጨረሻው ሰሟት። ፊታቸው መጀመሪያ ጨለመ፤ አርዜላ እዚያው ያልቃሉ ብላ ፈራች።

«አንዳችሁ እንኳ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አንድ መስመሩን ብትነግሩኝ ኖሮ።»

ፓስተሩ ተንበረከኩ። ይቅር በይኝ ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ አሮጊቷ በእጃቸው ከለከሏቸው።

«መጽሐፍዎን ይዘዋል?»

«ይዣለሁ።»

«እንግዲያ ያኔ ያላነበቡለትን ያንብቡለት። እሱ ዓሣ ሊያመጣልኝ የሄደ ልጅ ነው።»

ፓስተሩ እዚያው ወለሉ ላይ እንደተንበረከኩ የቀብሩን ጸሎት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡ። ሁለት ጊዜ ድምፃቸው ተቋረጠ፤ ሁለቱንም ጊዜ እማማ ቴኒ ቃሉን በቃላቸው አቀበሏቸው። አሜን ከተባለ በኋላ አርዜላን አንድ ጊዜ ድገሚልኝ፣ ከሳሉ ጀምሪ አሏት።

የሐይቁ በረዶ ሲሰነጠቅ እማማ ቴኒ አረፉ። አስከሬናቸው በኤሊም መድረክ ፊት ሲቀመጥ ፓስተሩ በሕዝቡ ፊት የሆሴዕን ስም ከእናቱ ስም ጋር አንሥተው፣ ፍርዴ ስሕተት ነበር አሉ። ከፋኖስ ሰሌዳዎች የቀሩት ጥር ላይ፣ የሆሴዕ ሰሌዳ በተገኘበት ሳምንት ቀልጠዋል። በጫፋቸው ላይ ማን ምን ብሎ እንደነበረ፣ ለየትኛው እናት ምን ሊያመጣ ቃል እንደገባ ማንም አላደመጠም። አርዜላ ይህን ስታስብ አንዳንድ ጊዜ እንቅልፍ ይነሳታል። የወንድሟን ግን በፎጣ ጠቅልላ ይዛዋለች፤ ለዚህም ጠዋት ጠዋት ታመሰግናለች።

በኤሊም ምድጃ ጀርባ ሌሎቹ ሰሌዳዎች ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። የሆሴዕ ቦታ ብቻ ባዶ ነው፤ ፓስተሩ ሌላ ብረት አይቸነከርበትም አሉ። ክረምት እሳቱ ሲበረታ ያ ክፍት ሳንቃ ይግላል፣ የተጠበሰ እንጨት ይሸታል፣ አዲስ የመጡ ሰዎች እየተገላመጡ ያዩታል። አርዜላ አሁን በር ላይ መቆሙን ለወጣቶች ትታለች። አንድ ባልዲ ውሃ አጠገቧ አስቀምጣ፣ ነጭ ጓንቷን አውልቃ፣ እዚያው ከምድጃው ጎን ተቀምጣ ሳንቃውን ትጠብቃለች።